ወለሉ ግድግዳ ሲሆን

በአዲስ አበባ ዳርቻ ከሚገኙት የኮንዶሚኒየም መንደሮች በአንዱ፣ በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት፣ ወርዱ ሦስት ሜትር ከአርባ ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ግድግዳ አለ። በሩን ከፍቶ ለሚገባ እንግዳ መጀመሪያ የሚታየው እርሱ ነው። የሳሎኑ ሌሎች ግድግዳዎች በብሎኬት ተገንብተው፣ ተለስነው፣ ነጭ ቀለም ተቀብተው የቆሙ ናቸው። ይህኛው ግን ከወለሉ አንድ ጋት ያህል ከፍ ብሎ እስከ ኮርኒሱ ሥር ድረስ አሮጌ ጣውላ ለብሷል። ጣውላዎቹ አንድ መልክ የላቸውም፤ አንዱ ይቀላል፣ ሌላው ይጠቁራል፤ በአንዱ ላይ የምስማር ቀዳዳ፣ በሌላው ላይ የከሰል ጠባሳ ይታያል። አሳቡ የልጅ ነው፤ ቤቱ ደግሞ የእናት ነው። ግድግዳው ዛሬ ባለው መልኩ እስኪቆም ድረስ በሁለቱ መካከል ብዙ ተብሏል፤ አንድ ጊዜም ተሠርቶ ፈርሷል።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በዙሪያው ባሉት የአራዳ ሰፈሮች በርካታ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ፣ የዚህ ቤተሰብ ቤትም ከፈረሱት አንዱ ነበር። በንጉሡ ዘመን የተሠራ፣ መሠረቱ የድንጋይ፣ ግድግዳው የእንጨትና የጭቃ፣ ጣሪያው የቆርቆሮ፣ ወለሉ የጣውላ የሆነ ቤት ነበር። ከቤቱ ለመውጣት በቀሩት ጥቂት ቀናት የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚያነሣውን ያነሣ ነበር፤ አንዱ ቆርቆሮ ይነቅላል፣ ሌላው በርና መስኮት ያወልቃል፣ ሌላው የአጥሩን ብረት ይፈታል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ አሮጌ ዕቃ የሚገዙ ነጋዴዎችም ከበር ወደ በር ይዞሩ ነበር። በዚያ ግርግር መካከል ልጁ ቡፌውንና አልጋውን ለወንድሞቹ ትቶ፣ ምስማር መንቀያ ይዞ በሳሎኑ ወለል ላይ ተንበረከከ።

ስለ ምን ወለሉን መረጠ? ያ ቤት ሲታሰበው ቀድሞ የሚመጣለት የወለል ሰም ሽታ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰሙ ከተቀባ በኋላ ልጆቹ የአሮጌ ብርድ ልብስ ቁራጭ በእግራቸው ረግጠው ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ይንሸራተቱ ነበር። ለእነርሱ ጨዋታ ነበር፤ ለእናታቸው ግን ወለሉን የማስወልወያ ብልኀት ነበር። በመስኮቱ ሥር የልብስ ስፌት መኪናው እግሮች የቆፈሯቸው አራት ጎድጓዶች ነበሩ። በበሩ አጠገብ በመረገጥ ብዛት የሰረጎደ ጣውላ ነበር። ቡና በሚፈላበት ጥግ ደግሞ የጀበና ቂጥ የሚያህል የቃጠሎ ጠባሳ ነበር። ይህ ጠባሳ በቤተሰቡ ዘንድ ባለ ታሪክ ነው፤ ልጁ በሰባት ዓመቱ ማንደጃ ገልብጦ ያቃጠለው ነው እየተባለ ሲነገር ኖሯል። እርሱ «እኔ አይደለሁም» ቢልም የሚያምነው አላገኘም።

ከአርባዎቹ ጣውላዎች ሠላሳ ሦስቱ ደኅና ሆነው ወጡ። የቀሩት ሰባቱ ከፊሉ በነቀላው ጊዜ ተሰነጠቁ፣ ከፊሉም በስተውጭ በኩል በምስጥ ተበልተው ተገኙ። እያንዳንዱ ጣውላ ሁለት ሜትር ያህል ርዝመትና አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ወርድ ነበረው። በላስቲክ ተጠቅልለው በአዲሱ ሕንፃ ደረጃ ሥር ተቀመጡ።

አዲሱ ቤት ወለሉ ሴራሚክ በመሆኑ ጣውላውን መልሶ ወለል ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ ልጁ «ግድግዳ ይሁን» አለ። እናቱ አልተቀበሉትም።

«የተረገጠ ነገር እንዴት ተብሎ ከእንግዳ ፊት ይሰቀላል? ወለል ወለል ነው፤ ቦታው ከእግር ሥር ነው» አሉ።

«እማዬ፣ እንጨቱ እኮ ይላጋል፤ አዲስ ይሆናል።»

«አዲስ ከሆነማ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?»

ልጁ ለዚህ መልስ አልነበረውም። እናቱ ሌላም ምክንያት ነበራቸው፤ እርሱን ግን ያን ጊዜ አልተናገሩም።

የተሸሸገው እንጨት

የእናቲቱ ጥያቄ የአንዲት አሮጊት እልኸኝነት ብቻ ተደርጎ የሚታለፍ አይደለም። በአገራችን የቤት ሥራ ልማድ እንጨት ግድግዳ ውስጥ ያልገባበት ጊዜ የለም፤ ነገር ግን እንዲታይ ተብሎ አይደለም። የጭቃ ቤት ሲሠራ ቋሚው እንጨት ይተከላል፤ ማገሩ አግድም ይታሰራል ወይም ይመታል፤ ከጭድ ጋር ተረግጦ የቦካው ጭቃ ይመረግበታል፤ ሲደርቅ ደግሞ በላዩ ላይ ሌላ ስስ ምርጊት ይደረብበታል። እንጨቱ አጥንት ነው፤ ጭቃው ሥጋ ነው። የጭቃ ቤት እንጨት በውጭ ሲታይ ቤቱ ታሟል ማለት ነው፤ ምርጊቱ ወድቋል፣ ባለቤቱ የሚያስጠግንበት አጥቷል። በዚህ ዐይነት ቤት ተወልዶ ላደገ ሰው፣ ግድግዳ ላይ እንጨት አጋልጦ «አማረ» ማለት ጓዳን ለእንግዳ እንደማሳየት ሊመስለው ይችላል።

ይሁን እንጂ እንጨትን የማሳየት ጥበብም ለዚህ ምድር እንግዳ አይደለም። ከላሊበላ ራቅ ብሎ በዋሻ ውስጥ የታነጸው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በነጭ የተለሰነ ድንጋይ እየሆነ የተደረደረ ነው። እንጨቱ ሕንፃውን ያስራል፤ በዚያው ጌጡም ነው። ይህ አሠራር ከአክሱም ዘመን የተወረሰ ነው። በአክሱም ሕንፃዎች ከግድግዳው ፊት ብቅ ብለው የሚታዩት፣ «የዝንጀሮ ራስ» እየተባሉ የሚጠሩት የእንጨት ጫፎች ከውስጥ ያለውን ማሰሪያ ጠብቀው የሚይዙ ነበሩ። የአክሱምን ታላላቅ ሐውልቶች ልብ ብሎ ያየ ሰው እነዚህኑ የእንጨት ጫፎች፣ አግድም ሠረገላዎችንና መስኮቶችን በአንድ ወጥ ድንጋይ ላይ ተቀርጸው ያገኛቸዋል። ድንጋይ ጠራቢው እጅግ ጠንካራውን ነገር ይዞ እንጨትን መስሎ መሥራቱ፣ በዚያ ዘመን እንጨት የነበረውን ክብር ያሳያል።

ወደ ሐረር ብንሻገር፣ በጀጎል ውስጥ ያለው የሐረሪ ቤት የግድግዳውን ጌጥ ከእንጨት አይፈልግም። በሳሎኑ ከፍና ዝቅ ብለው ከተሠሩት መደቦች በላይ ስፌቶችና ሳሕኖች ይደረደራሉ፤ እንጨቱ ግን ከጣሪያው ሥር ወራጅ ሆኖ ይታያል። በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ፣ በላሙና በዛንዚባር ድንጋያማ ከተሞች ደግሞ ጌጡ ሁሉ በሩ ላይ ነው፤ የቤቱ ባለጸግነት በተቀረጸው የበር መቃንና ሣንቃ ይታወቃል። በእነዚያ ቤቶች የክፍሉን ወርድ የሚወስነውም እንጨት ነው። ጣሪያውን የሚሸከመው፣ በስዋሂሊ ቦሪቲ የሚባለው የማንግሮቭ ግንድ ከሦስት ሜትር እምብዛም ስለማያልፍ፣ ክፍሎቹ ረዣዥምና ጠባብ ሆነው ተሠርተዋል። ከሐረር እስከ ዛንዚባር ሁሉም እንጨቱን የት እንደሚያሳይና የት እንደሚሸሽግ የየራሱ ልማድ አለው ማለት ነው።

በከተሞቻችን አሁን የተስፋፋው የጌጥ ግድግዳ ከነዚህ ልማዶች ከየትኛውም የመጣ አይደለም። ከባሕር ማዶ በኮንቴይነር የሚገባ፣ ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ ወይም ከፕላስቲክ ተሠርቶ የዛፍ መልክ የታተመበት ሰሌዳ ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው ሊነቀፍ አይገባውም፤ ዋጋው ይቀላል፣ በአንድ ቀን ይለጠፋል፣ ቢበላሽ ይቀየራል። ልጁም መጀመሪያ የጠራው በዚሁ ሥራ የሠለጠነ ባለሙያ ነበር። ስሕተቱም የጀመረው ከዚያ ላይ ነው፤ የፕላስቲክ ሰሌዳ አይተነፍስም፣ እንጨት ግን ይተነፍሳል።

ክረምት ገባ

እናት በመጨረሻ «እንደ ወደድህ አድርግ» ያሉት በግንቦት ወር 2016 ዓ.ም. ነበር። እሺታ ሳይሆን ድካም ነበር፤ ልጁ ግን እንደ እሺታ ቆጠረው። ባለሙያው ጣውላዎቹን በአንድ ቀን አስላጋ፤ በማግሥቱ ጀርባቸውን ኮላ እየቀባ ከተለሰነው ግድግዳ ጋር በቀጥታ አጣበቃቸው። በጣውላና በጣውላ መካከል ምንም ክፍተት አልተወም፤ እንዲያውም እየመታ አጠበቃቸው። ከታች ከሴራሚኩ፣ ከላይ ከኮርኒሱ ጋር ገጠማቸው። በሦስተኛው ቀን ፊታቸውን ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ቀባ። ግድግዳው እንደ መስተዋት አበራ። እናትየው ለረዥም ጊዜ አይተውት «ቆንጆ ነው» አሉና ወደ ክፍላቸው ገቡ። በአሮጌው ቤት አንድም ቀን እንዲህ አንጸባርቆ የማያውቅ እንጨት ነበር።

ሐምሌ ገባ። በመጀመሪያው ሳምንት ከታች ያሉት ሁለት ረድፎች ጠርዛቸው ወደ ክፍሉ ቀና ቀና አለ፤ መካከላቸው ጎደጎደ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጣውላ ሌሊት ድምፅ አሰምቶ ከግድግዳው ተላቀቀ። ነሐሴ ሲጋመስ ግድግዳው ንፋስ የገባበት ቆርቆሮ መሰለ፤ ቤቱም የታፈነ ጓዳ ሽታ ሸተተ። እናት ማታ ማታ ያስሉ ጀመር። የተላቀቀው ጣውላ ሲገለበጥ ጀርባው ጥቁር ሻጋታ አውጥቶ ተገኘ። ልጁ ከፈረሰው ቤት ያተረፈውን ብቸኛ ነገር በገዛ እጁ ሊያጠፋው እንደ ተቃረበ የገባው ያን ጊዜ ነው።

ለመስከረም አንድ ሽማግሌ አናጢ ተጠሩ። በሙያው ዕድሜያቸውን የፈጁ፣ ቃላቸው ጥቂት የሆነ ሰው ናቸው። ግድግዳውን ሳይሆን መጀመሪያ ያዩት የሕንፃውን ውጭ ነበር። ከዚያ ከመስኮቱ ሥር አትክልት ለመትከል ሲባል አፈር ተሞልቶ ከቤቱ ወለል በላይ ከፍ ብሏል፤ ዝናቡ ሁሉ ወደ ግድግዳው ያዘነብላል።

«ልጄ፣ እንጨቱን አትውቀሰው፤ ግድግዳው ውኃ ይጠጣል፤ እንጨቱ ደግሞ ከግድግዳው ይጠጣል» አሉ። «ፊቱን በቫርኒሽ ዘግታችሁበታል። በጀርባው የጠጣውን በየት በኩል ያውጣው?»

ነገሩ ቀላል ነው። እንጨት ከተቆረጠ ከመቶ ዓመት በኋላም ቢሆን እርጥበት ሲያገኝ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይጠባል። በርዝመቱ የሚለወጠው ከቁጥር የማይገባ ነው፤ በወርዱ ግን ይለወጣል። እያንዳንዱ ጣውላ በክረምት አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሰፋ፣ አሥራ ሰባት ረድፍ ባለው ግድግዳ ላይ 17 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ለዚህ ጭማሪ ቦታ ካልተተወለት እንጨቱ ራሱ ቦታ ይፈልጋል፤ ምስማር ይነቅላል፣ ኮላ ይልጣል። ጀርባው ከፊቱ ይልቅ ሲረጥብ ደግሞ የረጠበው ወገን ስለሚሰፋ ጣውላው ወደ ደረቀው ወገን ይቀለበሳል። ያለ ክፍተት፣ በግንቦት ደረቅ አየር፣ ለዚያውም ሁለት ቀን እንኳ ቤቱን ሳይለምድ መለጠፉ ሐምሌን እንዳልነበረ መቁጠር ነበር።

አናጢው አፈሩን አስነሡ፤ ውኃው ከግድግዳው እንዲርቅ በጠጠር የተሞላ ቦይ አስቆፈሩ። ጣውላዎቹን አንድ በአንድ አስለቀቁ፤ ኮላው ሁለቱን ሰንጥቆ አስቀራቸው። ከዚያም አንድ ክንድ የሚያህል የላስቲክ ቁራጭ በባዶው ግድግዳ ላይ ዘርግተው ዙሪያውን በማጣበቂያ አሸጉና «አሁን መጠበቅ ነው» ብለው ሄዱ። ከሦስት ቀን በኋላ ሲመለሱ ላስቲኩ በግድግዳው በኩል ጤዛ አውጥቷል። ጤዛው በክፍሉ በኩል ቢሆን ኖሮ ከቤቱ አየር የመጣ ነው፤ በጀርባ በኩል ሲሆን ግን ከግድግዳው ራሱ የወጣ ነው። ላስቲኩን በየወሩ እየለጠፉ አዩት። የመጨረሻው ደርቆ የተገኘው በኅዳር ነበር።

ከእንጨት መርጦ

በዚህ የመጠበቂያ ጊዜ ልጁ ለተሰነጠቁት ሁለት ጣውላዎች ምትክ ሊገዛ አሰበ። አናጢው ከጣውላዎቹ አንዱን አንሥተው ጠርዙን በመላጊያ አንድ ጊዜ ገፍተው፣ የወጣውን ፍቅፋቂ አሸተቱና ለእናት ሰጧቸው። እናትም አሸተቱ። ያ ሁሉ ዓመት ተረግጦ፣ ሰም ጠግቦ፣ ክረምት አሳልፎ፣ ሽታው ከውስጥ እንዳለ ነበር።

«ጽድ ነው፤ አልፈው አልፈው ዝግባ አስገብተውበታል። ምስጥ የበላባችሁ ዝግባውንና የጽዱን የዳር እንጨት ነው፤ የጽዱን ልብ አልደፈረውም» አሉ አናጢው።

የአገራችን እንጨት እያንዳንዱ ጠባይ አለው። ጽድ ሽታው የሚለየው፣ ምስጥንና ብስባሴን የሚቋቋም፣ ስለዚህም ለቤተ ክርስቲያን ሥራ የሚፈለግ ነው። ዝግባ ብሩህና ለመላግ የሚገራ ነው፤ ነገር ግን እርጥበትና ምስጥ ያሸንፉታል። ዋንዛ ለወንበርና ለቁም ሣጥን፣ ለከበሮም ይመረጣል፤ ወይራ ከባድና ጠንካራ ነው፤ ኮሶ ቀላ ያለ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ ስለሚደርስ የከተማውን የጭቃ ቤቶች ሁሉ አቁሟል፤ ሆኖም ሲደርቅ ስለሚጣመምና ስለሚሰነጠቅ ለጌጥ ጣውላ አይመችም። አበው «ከእንጨት መርጦ ለታቦት፣ ከሰው መርጦ ለሹመት» ያሉት እንጨትን የሚያውቁ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

ይህ ምርጫ ራሱ ደኑን ጎድቶታል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጽድ ከመንግሥት ደኖች እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር፤ አራቱም በብዛት የተጨፈጨፉ ዛፎች ስለሆኑ ነው። በጎረቤት ኬንያም መንግሥት በ2010 ዓ.ም. በሕዝብ ደኖች ላይ ለአጭር ጊዜ ብሎ የጣለው የእንጨት ቆረጣ እገዳ እየተራዘመ ለዓመታት ዘልቋል። አንድ ጽድ ጣውላ የሚወጣበት ውፍረት ላይ ለመድረስ የሰው ዕድሜ ይጠይቃል። ስለዚህ ከፈረሰ ቤት የተነሣ ጣውላ ዋጋው በትዝታ ብቻ የሚለካ አይደለም። እርሱ በእሳት ቢማገድ፣ በምትኩ የሚመጣው ሌላ የቆመ ዛፍ ነው።

አናጢው ምትክ እንዲገዛ አልፈቀዱም። «ከተረፈው ቁርጥራጭ አሟላዋለሁ፤ እንግዳ እንጨት አትጨምርበት» አሉ።

እናት ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአናጢው ጋር መነጋገር ጀመሩ። አንድ ከሰዓት በኋላ ቡና አፍልተው ሳለ፣ ጣውላዎቹ በክፍሉ መካከል በመካከላቸው እንጨት እየገባ አየር እንዲያገኙ ተነባብረው ቆመው ነበር። እናት ሲኒያቸውን አስቀመጡና በእጃቸው አመለከቱ።

«እነዚያ ሦስቱ ከመካከል የወጡ ናቸው። ባለቤቴ የተገነዘው በእነርሱ ላይ ነው።»

ልጁ አባቱ በሞቱበት ጊዜ ከከተማ ውጭ ነበር። ይህን አያውቅም ነበር። ለአንድ ዓመት ያህል ስለ ጣውላው ሲከራከር ሲያወራ የነበረው ስለ ሰምና ስለ ቅዳሜ ነበር፤ እናቱ ዝም ብለው ሲሰሙ የነበረው ግን ሌላ ነገር ነበር።

አናጢው ጥቂት ዝም ብለው «እናቴ፣ ይተዉ ካሉኝ አልነካቸውም» አሉ።

እናት ወዲያው አልመለሱም። ሦስት ቀን ካሰቡበት በኋላ ነው የተናገሩት። «ከላይ ይሁኑ፤ ከሁሉ በላይ። ከእንግዲህ ማንም አይርገጣቸው፤ ማንም ጀርባውን አያስደግፍባቸው።»

በጥር

ሁለተኛው ሥራ በጥር 2017 ዓ.ም. አራት ቀን ፈጀ። አናጢው መጀመሪያ ስምንት ሞራሌዎች፣ ውፍረታቸው ሦስት ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ከታች ወደ ላይ አቆሙ፤ በሞራሌና በሞራሌ መካከል ግማሽ ሜትር ገደማ ተዉ። ግድግዳውን በድሪል በስተው፣ ፊሸር አስገብተው፣ በብሎን አሰሯቸው። ግድግዳው ቀጥ ያለ ስላልነበረ በየቦታው ስስ እንጨት ከጀርባ እየሸጎጡ በቱንቢና በውኃ ልክ አስተካከሉ። ጣውላው አግድም ስለሚሄድ ሞራሌው ቁም መሆኑ ግድ ነው፤ በዚያውም ከታች የገባ አየር ከጣውላው ጀርባ ሽቅብ ወጥቶ ከኮርኒሱ ሥር ባለው ክፍተት ይወጣል። ከታች አንድ ጋት፣ ከላይ ሁለት ጣት፣ ከግራና ከቀኝ የጣት ውፍረት ያህል ተተወ።

የኤሌክትሪክ ሶኬቱን ባለሙያ ጠርተው ከጣውላው ፊት ጋር እኩል እንዲወጣ አስደረጉት። ከእንጨት ጀርባ ባለ ባዶ ቦታ የተቀጠለ ሽቦ መተው እሳት እንደ መደበቅ ይቆጠራል። ያረጁ ምስማሮችን አንድም ሳያስቀሩ ለቀሙ፤ የመላጊያን ስለት የሚሰብረው ያልታየ ምስማር ነው። ከዚያም፣ ልጁን ባስገረመ መልኩ፣ ጣውላዎቹን ዳግመኛ አልላጓቸውም። ቫርኒሹንና ሻጋታውን በብርጭቆ ወረቀት ብቻ አነሡ። እናት የጠየቁት ይህንኑ ነበር፤ አዲስ ከሆነማ ምን ያደርጋል?

የትኛው ጣውላ የት እንደሚገባ የወሰኑት እናት ናቸው። ወንበር ላይ ተቀምጠው «ያ የመስኮቱ ነው፤ ከመስኮቱ አጠገብ ይሁን» ይላሉ። የስፌት መኪናው እግር የቆፈራቸው ጎድጓዶች በመስኮቱ በኩል ገቡ። በበሩ አጠገብ የነበረው ሰርጓዳ ጣውላ ወደ በሩ ሄደ። የከሰሉ ጠባሳ ያለበት ቡና በሚፈላበት ጥግ፣ በተቀመጠ ሰው ዓይን ልክ ሆነ። በጣውላና በጣውላ መካከል የሳንቲም ውፍረት ያህል ክፍተት ነበረ። ሦስቱ በመጨረሻ፣ ከኮርኒሱ ሥር ገቡ። አናጢው እነርሱን ሲያስሩ ማንም አልተናገረም። ከዚያ ፊቱም ጀርባውም አስቀድሞ ሰም የጠጣው እንጨት በጨርቅ ተወለወለ፤ ቫርኒሽ አልተቀባም።

ግድግዳው አላበራም። በአሮጌው ቤት ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲገባ ወለሉ የነበረው ዓይነት ለስላሳ ወዝ ብቻ ነበረው።

ቅበላ

የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም. የኪዳነ ምሕረት በዓል እሑድ ዋለ፤ በማግሥቱም ዐቢይ ጾም የሚገባበት ቅበላ ነበር። እናት ከፈረሰው ሰፈር ወደ ልዩ ልዩ የከተማው ዳርቻ የተበተኑትን የማኅበር ጓደኞቻቸውን ጠሩ። ሁለት ታክሲ፣ ሦስት ታክሲ ይዘው መጡ። አንዳንዶቹ ከሰፈሩ ከወጡ ወዲህ ሲገናኙ የመጀመሪያቸው ነበር። ስለ ልጅ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ውኃ መጥፋት፣ ስለ ደረጃ ብዛት ተወራ። ስለ ግድግዳው ለጊዜው ማንም አላነሣም፤ ልጁም ጥቂት ቅር አለው።

ቡናው ሁለተኛ ሲደርስ፣ በአሮጌው ሰፈር ግድግዳ ለግድግዳ ይኖሩ የነበሩት ጎረቤት ወደ ጥጉ ዞር አሉ። መነጽራቸውን አደረጉ። እጃቸውን ዘርግተው የከሰሉን ጠባሳ በጣታቸው ዳሰሱት።

«እንዴ! ይህ የእናንተ ወለል አይደለም እንዴ?»

«ነው» አሉ እናት። «ልጄ በሰባት ዓመቱ ያቃጠለው። ታስታውሺው የለ?»

ሴትዮዋ ጣታቸውን ከጠባሳው ላይ አላነሡም። ፊታቸው ቀላ፤ ከዚያ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

«እሱ አይደለም» አሉ። «እኔ ነኝ። የልጅሽ ክርስትና ዕለት ማንደጃውን ስገፋው ተገለበጠብኝ። ሰው በዝቶ ነበር፤ በምንጣፍ ሸፈንኩትና ወጣሁ። በኋላ አንቺ ልጁን ስትቆጪ ስሰማ እንዴት ብዬ ልናገር?»

በክፍሉ ውስጥ ለአፍታ ዝምታ ሆነ። ቀጥሎ የመጀመሪያው ሣቅ ከማን እንደ ወጣ አይታወቅም። እናት እንባቸው እስኪወርድ ሣቁ፤ ዞረውም አርባ ዓመት ያለፈውን፣ ራሱ የሸበተውን ልጃቸውን አዩት።

«ታዲያ አንተ ዝም ብለህ ትቆጣለህ?» አሉት።

«ስንት ጊዜ ነገርኩሽ እማዬ!»

ሦስተኛው ቡና ቀረበ። ጎረቤትየዋ ከዚያ ጥግ አልተነሡም፤ እየደጋገሙ ጠባሳውን በጣታቸው ይዳስሱ ነበር። ሌሎቹም ሴቶች አንድ በአንድ እየተነሡ፣ መነጽር እየተዋዋሱ፣ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ያነብቡ ጀመር፤ «ይኼ የበሩ ነው፣ ይኼ የመኪናሽ እግር ነው» እያሉ። ወደ ኮርኒሱ ቀና ብለው ስለ ላይኛዎቹ ሦስት ጣውላዎች የጠየቁ አልነበሩም። እናትም አልተናገሩም።